ዳይሬክተሩ ተባረረ፤ የገዛቸው ተጫዋቾች ግን ቀሩ

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የኔዘርላንዱ እግር ኳስ ክለብ አያክስ አምስተርዳም ላይ ፌይኖርድን እያስተናገደ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ አሥር ደቂቃ ገደማ ሆኖታል። ውጤቱ 0 ለ 3 ነው። ሁለቱን ሜክሲኳዊው ሳንቲያጎ ሂሜኔዝ፣ አንዱን ብራዚላዊው ኢጎር ፓይሻው አስቆጥረዋል። ከደጋፊው መቀመጫ ርችት ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረ። ዳኛው ጨዋታውን አቋረጡት። የተቆጣው ደጋፊ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። የስታዲየሙን ዋና መግቢያ ሰብሮ ሊገባ ሞከረ። ፈረሰኛ ፖሊስ ደረሰ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ።

በዚያው ምሽት ክለቡ አንድ ሰው አባረረ። አሰልጣኙ ሞሪስ ስታይን ወንበራቸው ላይ ቆዩ። የተባረረው ተጫዋቾቹን የገዛው ሰው፣ ቴክኒክ ዳይሬክተሩ ስቬን ሚስሊንታት ነበር።

አሰልጣኝ ሲባረር ማየት ለምደናል። ጥቂት ጨዋታ ይሸነፋል፣ ደጋፊው ያጉረመርማል፣ በማግስቱ ምክትሉ ልምምድ ያሠራል። የቢሮው ሰው ግን ብዙም አይታይም። እሱን የምናውቀው በዝውውር ሰሞን ፎቶ ላይ ነው። የማሊያውን አንድ ጫፍ ይዞ ፈገግ የሚለው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰውዬ ነው። ታዲያ ውድድሩ ገና በሁለተኛው ወር ላይ እያለ ክለብ እሱን ሲያሰናብት ምን ለማግኘት ነው? ተጫዋቾቹ እነዚያው ናቸው። አሰልጣኙም ያው ነው። የሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው። እንዲያውም የተቋረጠው ግጥሚያ ሴፕቴምበር 27 ያለ ተመልካች ሲቀጥል ፌይኖርድ አራተኛ ጎል ጨምሮ 4 ለ 0 አሸንፎ ሄደ።

እኔ የአያክስን ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ስከታተል አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሁሉም ሰው «ማን ተባረረ?» ይላል። «ማን ሾመው?» የሚለው ግን ይረሳል። ዳይሬክተርን በውድድር መሃል ማባረር ስለ ተባራሪው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሿሚው የሚናገረው ይበልጣል።

መጀመሪያ የሰዎቹን ሥራ እንለይ። በአብዛኛው የአውሮፓ ክለብ ከአሰልጣኙ በላይ ቴክኒክ ዳይሬክተር ወይም ስፖርት ዳይሬክተር የሚባል አለ። ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ፣ የማን ውል ይራዘም የሚለው የሱ ነው። ብዙ ጊዜ አሰልጣኙን የሚመርጠውም እሱ ነው። ከሱ በላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አለ፤ ገንዘቡ፣ ስፖንሰሩ፣ ስታዲየሙ በሱ ሥር ነው። አያክስ ላይ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ተቆጣጣሪ ቦርድ አለ። ዳይሬክተሮችን የሚሾመውም የሚያነሳውም ይህ ቦርድ ነው። ክለቡ ከ1998 ጀምሮ በአምስተርዳም የአክሲዮን ገበያ ተመዝግቧል፤ 73 በመቶው ድርሻ ግን የአባላቱ ማኅበር ነው። የመንግሥት ሀብት ያፈሰሰ ሼክ የለም፣ ብቻውን የሚወስን ቢሊየነርም የለም። ይህ የአያክስ ኩራት ነው። ነገሩ ሲበላሽ ግን ኃላፊነቱ ከቦርድ ወደ ዳይሬክተር፣ ከዳይሬክተር ወደ አሰልጣኝ ይንሸራተታል። ተጠያቂውን መያዝ አስቸጋሪ ይሆናል።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ ልግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

አሰልጣኝ ከተቀየረ ለውጡ በቀጣዩ ጨዋታ ይታያል። አሰላለፍ ይቀየራል፣ የተረሳ ልጅ ይሰለፋል፣ መልበሻ ክፍሉ ይነቃል። ዳይሬክተር ግን የሚሠራው በዝውውር መስኮት፣ ማለትም ተጫዋች መግዛትና መሸጥ በሚፈቀድበት ወቅት ነው። የክረምቱ መስኮት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተዘግቷል። ሚስሊንታት የተባረረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ከመቶ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶ 12 አዳዲስ ተጫዋቾች መጥተዋል፣ ውሉም ተፈርሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እስከ ጃንዋሪው መስኮት ድረስ በዓለም ላይ ምርጡ ዳይሬክተር ቢመጣ እንኳ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ኢምንት ነው።

በዚህ ላይ የሒሳቡ ነገር አለ። ክለብ አንድ ተጫዋች በ20 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢሰጠው፣ ወጪው በመዝገብ ላይ በዓመት አራት አራት ሚሊዮን እየተባለ ይከፋፈላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ተጫዋቹ በመዝገቡ ላይ ገና 16 ሚሊዮን ያወጣል። በ10 ሚሊዮን ከተሸጠ ክለቡ በዚያው ዓመት የስድስት ሚሊዮን ኪሳራ ይመዘግባል። ስለዚህ «አልተሳካም፣ እንሽጠው» ማለት ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ በውሰት ይላካሉ፣ ደመወዛቸው ተካፍሎ ይከፈላል፣ ውላቸው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ዳይሬክተሩ በአንድ ምሽት ይሄዳል። የፈረመው ወረቀት ግን አምስት ዓመት ይቆያል።

ምሳሌው ጆርጂያዊው አጥቂ ጆርጅ ሚካውታዜ ነው። በዚያ ክረምት ከፈረንሳዩ ሜትስ በ16 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተገዛ። አያክስ ላይ የረባ ዕድል ሳያገኝ ጃንዋሪ ላይ በውሰት ወደዚያው ወደ ሜትስ ተመለሰ። እዚያ ጎል በጎል ሆነ። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ በሦስት ጎል ከፍተኛ ጎል አግቢ ከሆኑት አንዱ ነበር። ሜትስ በውሉ ላይ በነበረው መብት መልሶ ገዛውና ብዙም ሳይቆይ ለሊዮን ሸጠው። ትርፉን ሜትስ በላ። እንግዲህ ሚስሊንታት ይህን ልጅ ሲገዛ ተሳስቷል ይባላል? ልጁ ጥሩ ተጫዋች ነው። የጠፋው እሱን የሚጠቀምበት ቡድን ነው። አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ደግሞ የተባረረውን ሰው ግዢዎች ቶሎ ለማራገፍ ሲጣደፉ ከመጥፎው ጋር ጥሩውንም አብረው ይጥላሉ። ይህ የማባረር ወጪ ነው፤ በየትኛውም የሒሳብ ሪፖርት ላይ ግን በስሙ አይጻፍም።

እዚህ ለመድረስ አያክስ አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ወደ ኋላ እንሂድ።

ሜይ 2019 ላይ ይህ ክለብ ለቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሰከንዶች ቀርተውት ነበር። አያክስን ከግማሽ ፍጻሜው ያስወጣውን፣ የቶተንሃሙን ሉካስ ሞውራን ሦስተኛ ጎል ያላስታወሰ የኳስ አፍቃሪ የለም። ያን ቡድን የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስፈጻሚው ኤድዊን ቫን ደር ሳር፣ ዳይሬክተሩ ማርክ ኦቨርማርስ፣ አሰልጣኙ ኤሪክ ቴን ሃግ። ፍሬንኪ ዲ ዮንግና ማታይስ ዲ ሊኽት እያንዳንዳቸው በ75 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጡ። ሊጉ በ2019፣ በ2021 እና በ2022 የአያክስ ሆነ። የ2020ው በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ነው ያለቀው።

ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ኦቨርማርስ ለሴት የሥራ ባልደረቦቹ የማይገቡ መልእክቶችን ሲልክ እንደነበረ ታወቀና ለቀቀ። መልቀቁ ትክክል ነበር፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ክለቡ ተተኪ አላዘጋጀም። ሥራው ለጌሪ ሃምስትራና ለቀድሞው አጥቂ ክላስ ያን ሁንቴላር ለጊዜው ተሰጠ። በዚያው ክረምት ቴን ሃግ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። አያክስ በታሪኩ ትልቁን ሽያጭ ያካሄደው በዚህ ባዶ ወንበር ሰሞን ነው። አንቶኒ በ95 ሚሊዮን ዩሮና በተጨማሪ ክፍያ ለዩናይትድ፣ ሊሳንድሮ ማርቲኔዝም ለዩናይትድ፣ ሃለር ለዶርትሙንድ፣ ግራቨንበርኽ ለባየርን። ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ገባ። ማዝራዊና ኦናና ደግሞ ውላቸው አልቆ በነጻ ሄዱ።

እዚህ አገር ያለን የዩናይትድ ደጋፊዎች አንቶኒን ባየን ቁጥር «ይህን ሁሉ ብር!» ብለን አብደናል። አያክስ በዚያ ገበያ የጠገበ መስሎን ነበር። የገባው ገንዘብ ግን ቡድን ሆኖ አልተመለሰም። ቤርግዋይን በ31 ሚሊዮን፣ ካልቪን ባሲ በ23 ሚሊዮን ገደማ መጡ። አሰልጣኙ አልፍሬድ ሽሮደር ጃንዋሪ 2023 ላይ ተባረረ። ቡድኑ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰና ቻምፒየንስ ሊግ አመለጠው። ቫን ደር ሳርም በሜይ መጨረሻ «በቃኝ» ብሎ መልቀቁን አስታወቀ። በጁላይ ለእረፍት በሄደበት ክሮኤሺያ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶት ሆስፒታል ገባ። ደግነቱ ተርፏል።

እንግዲህ ሚስሊንታት በሜይ 2023 ሲመጣ የጠበቀው ቤት ይህ ነው። ሥራ አስፈጻሚው እየለቀቀ ነው። ተተኪው አሌክስ ክሩስ ኦገስት 2 ላይ ይፋ ቢደረግም ሥራ የሚጀምረው በማርች 2024 ነው። በመሃል ያለው ሁሉ ጊዜያዊ ነው። ታላቁን ግዢና ሽያጭ የሚመራው ከውጭ የመጣ፣ ክለቡን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። በዚያ ክረምት ቲምበር ለአርሰናል፣ አልቫሬዝና ጋናዊው ኩዱስ ለዌስትሃም ተሸጡ። አምበሉ ታዲችም ሄደ። የቡድኑ አከርካሪ ወጣ ማለት ነው። ሽያጩ ከግዢው ስለሚበልጥ በወረቀት ላይ ያማረ ክረምት ነበር። ሜዳ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ስም በቅጡ የማያውቅ ቡድን ቆመ።

ሚስሊንታትን ለመከላከል አይደለም ይህን የምለው። ሰውየው ተራ ሰው አልነበረም። ዶርትሙንድ ላይ ዋና መልማይ ሆኖ ካጋዋን፣ ሌቫንዶቭስኪን፣ ኦባሜያንግን፣ ዴምቤሌን ካመጡት ሰዎች አንዱ ነው። «ባለ አልማዝ ዓይን» ብለው ስም አውጥተውለታል። ግን የሥራ ታሪኩን ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ነበር። ዶርትሙንድ ላይ ከአሰልጣኙ ቶማስ ቱኽል ጋር ተጣልቶ ከልምምድ ሜዳ ታግዷል። አርሰናል ላይ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ለቀቀ። ሽቱትጋርት ላይ ጥሩ ሠርቶ፣ ከአለቆቹ ጋር መግባባት ስላልቻለ ውሉ ሳይታደስ ወጣ። ተጫዋች ማየት አንድ ሙያ ነው። ከአሰልጣኝ፣ ከቦርድና ከድሮ ጀግኖች ጋር ተቻችሎ ክለብ መምራት ሌላ ሙያ ነው። አያክስ ደግሞ በዚህ በሁለተኛው አስቸጋሪ ቤት ነው፤ የቀድሞ ተጫዋች የሌለበት ኮሚቴ የለም፣ አስተያየት የሌለው የቀድሞ ተጫዋችም የለም። ክለቡ መልማይ ቀጥሮ አስተዳዳሪ ጠበቀ። ይህን ያደረገው ሚስሊንታት አይደለም።

የኋላ ኋላ ዶርትሙንድ በ2024 መልሶ ወሰደው፤ በፌብሩዋሪ 2025፣ አሁንም በውድድር መሃል፣ አሰናበተው።

ሌላው ጉዳይ የቦርና ሶሳ ዝውውር ነው። የግራ መስመር ተከላካዩ ከሽቱትጋርት በስምንት ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መጣ። በዝውውሩ ውስጥ የነበረው የወኪሎች ድርጅት፣ ሚስሊንታት ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነበት የመረጃ ትንተና ኩባንያ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ተሰማ። ክለቡ የውጭ አጣሪ ቀጥሮ ምርመራ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ክለቡ ሲያባርረው ያቀረበው ምክንያት ምርመራው አልነበረም። በክለቡ ውስጥ ሰፊ ድጋፍ ስላጣ ነው አለ። ይህ ቃል ለእኔ ከምርመራው በላይ ይናገራል። ከመጣ አራት ወር ገደማ ነው። ድጋፍ በአራት ወር የሚጠፋው ከመጀመሪያውም ሳይኖር ሲቀር ነው።

ከተባረረ በኋላስ? ቡድኑ ይበልጥ አሽቆለቆለ። ኦክቶበር 22 ዩትሬኽት ላይ 4 ለ 3 ተሸነፉና በማግስቱ ስታይን በስምምነት ወጣ። ሄድዊገስ ማዱሮ ለጊዜው ያዘው፤ በሳምንቱ ፒኤስቪ 5 ለ 2 ቀጣው። ከስምንት ጨዋታ አምስት ነጥብ። አራት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ክለብ በ18 ቡድኖች ሊግ 18ኛ ሆኖ ተቀመጠ። ሰንጠረዡን ገልብጦ ያየ ሰው አያክስን አናት ላይ ያገኘዋል።

ከዚያ ጆን ቫን ት ስኪፕ የሚባል፣ በክለቡ ያደገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው አሰልጣኝ ሆነ። ቡድኑ ቀስ እያለ ወጣና አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በመሃል ግን በዲሴምበር አማተሩ ሄርኩለስ በጥሎ ማለፍ 3 ለ 2 ጣለው። ኤፕሪል ላይ ፌይኖርድ በሜዳው 6 ለ 0 አሸነፈው። ስለዚህ «ዳይሬክተሩ ሲባረር ዳነ» ማለት አይቻልም። ያነሳው የአሰልጣኝ ለውጥ ነው፤ ደግሞም የዚያ ሊግ ታችኛው ክፍል ለአያክስ በጀት ጥልቅ አለመሆኑ። በዚያ በጀት ከሊጉ መውረድ ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል።

በቢሮው በኩል ግን ትርምሱ ገና መጀመሩ ነበር። የተቆጣጣሪ ቦርዱ ሰብሳቢ ፒየር ኤሪንጋ ለቀቁ። አንጋፋው ሚካኤል ቫን ፕራግ ተመልሰው ሰብሳቢ ሆኑ። የቀድሞው አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ኻል አማካሪ ተደርገው ተጠሩ። ቀልዱ ገብቷችኋል? በ2011 የክለቡ ታላቅ ተጫዋች የነበረው ዮሃን ክራይፍ ክለቡን ለማደስ ሲታገል፣ የቦርድ ባልደረቦቹ ከጀርባው ቫን ኻልን ሥራ አስፈጻሚ ብለው ሾመው ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሹመቱን ሻረው። አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ክራይፍም በ2016 አርፎ፣ ክለቡ ሲጨንቀው የጠራው እኚያኑ ሰው ነው። አያክስ አዲስ ሰው ሲያጣ አሮጌ ጠብ ይቆፍራል።

ክሩስ በማርች 2024 አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ደጋፊው ደስ አለው፤ የክለቡ ልብ ያለው ሰው ነው ተባለ። ኤፕሪል 2 ላይ ታገደ። ሹመቱ ይፋ ከመደረጉ ከአንድ ሳምንት በፊት ከ17 ሺህ በላይ የአያክስ አክሲዮን ገዝቶ ኖሯል። ሥራ አስፈጻሚ እንደሚሆን እሱ ያውቃል፣ ገበያው አያውቅም። የውስጥ መረጃ ይዞ መገበያየት ማለት ይኼ ነው። ክሩስ የገዛሁት ለክለቡ ያለኝን ቁርጠኝነት ለማሳየት ነው ብሎ ተከራከረ። ደጋፊው አሁን ደግሞ ቦርዱ ላይ ተነሳ። ቫን ፕራግ ለቀቁ። ከጥቂት ሳምንታት ድርድር በኋላ ክሩስ ተመለሰ፤ የሥራ አስፈጻሚነቱን ትቶ ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ። ሥራ አስፈጻሚነቱ ውሎ አድሮ ለቀድሞው የንግድ ክፍል ኃላፊ ለሜኖ ኼለን ተሰጠ።

አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዳይሬክተር፣ ሁለት የቦርድ ሰብሳቢዎች፣ አንድ ሥራ አስፈጻሚና ሁለት ቋሚ አሰልጣኞች ተለዋወጡ። እያንዳንዱ ስንብት ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሲደመር ግን አዲስ የመጣ ሰው «የማንን እሺታ ነው የምፈልገው?» ቢል መልስ የማያገኝበት ቤት ሆነ።

አያክስ ግን ተርፏል። ያልተረፈው ሻልከ ነው። በ2018 በጀርመን ሊግ ሁለተኛ የወጣው ክለብ በ2020/21 እንደ ጉድ ወረደ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2021፣ በሽቱትጋርት 5 ለ 1 በተሸነፈ ማግስት፣ አሰልጣኙን ክርስቲያን ግሮስን፣ ስፖርት ዳይሬክተሩን ዮኸን ሽናይደርን፣ ምክትል አሰልጣኙን፣ የቡድን አስተባባሪውንና የአካል ብቃት አሰልጣኙን በአንድ ቀን ጠረገ። የጃንዋሪው መስኮት ተዘግቷል። የሚገዛ ተጫዋች የለም። አዲሱ አሰልጣኝ በዚያ ዓመት አምስተኛው ነበር። ኤፕሪል ላይ መውረዱ ተረጋገጠ፤ ዓመቱን በ16 ነጥብ ጨረሰ። እኔ ያን ቀን ሁሉን የጠረጉት ለማትረፍ ነው ብዬ አላምንም። የመውረዱ ፎቶ ላይ ሌላ ፊት እንዲቆም ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። ስፖርት ዳይሬክተሩን ዳን አሽዎርዝን ከኒውካስል ለማምጣት ወራት ፈጀ፣ ካሳም ተከፈለ። ጁላይ 1 ቀን 2024 ሥራ ጀመረ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ወጣ። አምስት ወር። በዚያ ክረምት የቴን ሃግ ውል ተራዘመ፣ ዲ ሊኽትና ማዝራዊን የመሰሉ ቴን ሃግ የሚያውቃቸው ተጫዋቾች ተገዙ። ቴን ሃግ በኦክቶበር ተባረረ። ሩበን አሞሪም መጣ፤ በሦስት የመሃል ተከላካይ ነው የሚጫወተው፣ ቡድኑ ግን ለአራት ተከላካይ የተገዛ ነው። ክለቡ በኋላ ባወጣው ሒሳብ ቴን ሃግንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለአሽዎርዝ ደግሞ 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ተራ ሠራተኞች ከሥራ ሲባረሩ እንደነበር አስታውሱ። ዓመቱ በ15ኛ ደረጃ አለቀ።

ታዲያ ዳይሬክተርን በውድድር መሃል ማሰናበት ሁልጊዜ ስህተት ነው? አይመስለኝም። አንድ ትክክለኛ ምክንያት አለ፤ ቀጣዩን ገንዘብ በሱ እጅ መስጠት ካልተቻለ። ሚስሊንታት በጃንዋሪ ሌላ ግዢ ሊገዛ ነው። በራሱ ዝውውር ላይ ምርመራ እየተደረገበት፣ አሰልጣኙ ጋር መግባባት እያቃተው፣ ቦርዱ ሳያምነው ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መሄድ ነበረበት። በዚህ በኩል አያክስ አልተሳሳተም።

የተሳሳተው በቀኑ ነው። ምርመራው የተጀመረው ከፌይኖርዱ ጨዋታ በፊት ነበር። እምነት ከጠፋ ያኔ ማሰናበት ይቻል ነበር። ውጤቱን መጠበቅ ከተፈለገም እስኪያልቅ መጠበቅ ይቻል ነበር። በር እየተሰበረ በነበረበት ምሽት መወሰን ግን ለደጋፊው አንድ ትምህርት ሰጥቷል፤ በር ከሰበርክ ትሰማለህ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ደጋፊው ለክሩስ ሲነሳ ቦርዱ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው ስህተት የዝግጅት ነው። አሰልጣኝ ሲባረር ቢያንስ ምክትል አለ። ዳይሬክተር ሲባረር ምክትሉ ማነው? የወኪሎቹን ስልክ፣ ያልተጨረሱ ድርድሮችን፣ ለወጣቶቹ የተገባውን ቃል ማን ያውቃል? በብዙ ክለብ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ኦቨርማርስ ሲሄድ ከነስልኩ ሄደ። ሚስሊንታትም እንዲሁ። ብራይተንን የመሰሉ ክለቦች ዳይሬክተራቸው ሲወሰድባቸው የማይናወጡት የምልመላው ሥራ በክለቡ ሥርዓት ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። አሽዎርዝ ራሱ በ2022 ከብራይተን ወደ ኒውካስል ሄዷል፤ ቦታውን ዴቪድ ዌር ከውስጥ ተነስቶ ያዘው፣ ብራይተንም በዚያው ውድድር ዘመን ስድስተኛ ወጥቶ በታሪኩ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ተሳትፎ አገኘ።

አያክስ ይህን ተምሯል ወይ ስትሉኝ፣ ግማሹን ይመስለኛል። በ2024/25 በጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ፋሪዮሊ ሥር አምስት ጨዋታ ሲቀር በዘጠኝ ነጥብ ይመራ ነበር። ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ለፒኤስቪ አስረከበ። ፋሪዮሊ ከአመራሩ ጋር በአሠራርና በጊዜ ላይ አልተግባባንም ብሎ ለቀቀ። ተተኪው ጆኒ ሃይቲንጋ ኖቬምበር 2025 ላይ፣ በጋላታሳራይ 3 ለ 0 በተሸነፈ ማግስት ተሰናበተ። በዚያኑ ቀን የሾመው ክሩስም ኃላፊነቱን ወስጄ እለቃለሁ አለ።

እዚህ ላይ ከ2023 የተለየ ነገር አለ። ክሩስ ወዲያው አልወጣም፤ ተተኪ እስኪገኝ ወንበሩ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ደጋፊው በር ሳይሰብር የተወሰነ ነው። የተመረጠው ተተኪ ደግሞ ጆርዲ ክራይፍ ነው፤ የዮሃን ልጅ፣ ባርሴሎና ላይ በዚሁ ሥራ ያለፈ። ስሙ ለጥቂት ወራት ትዕግሥት ይገዛለታል። ከጃንዋሪው መስኮት ይልቅ በመጀመሪያው ክረምቱ ምን እንደሚገዛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግዢውን እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ከጎኑ መኖሩን ማየት ነው የሚሻለው። በ2023ቱ ክረምት ያ ሰው አልነበረም።